ቴፑን ከመለወጥዎ በፊት፦ የፋብሪካውን ሶኬት አያስቆርጡ

«ቴፔ ፍላሽ አያነብልኝም፤ ስልኬን ቻርጅ እያደረግሁ በኦክስ ገመድ ሳገናኘው ደግሞ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር የሚያፏጭ ድምፅ ይገባበታል፤ አውጥቼ በአዲስ ልለውጠው ወይ?» ብለው ለጠየቁት የምሰጠው መልስ ረዘም ያለ ነው። እኔም በእነዚሁ ሁለት ችግሮች ምክንያት መኪናዬን ለገጣሚ ሰጥቼ፣ ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ችግር ተጨምሮልኝ ተመልሻለሁና እርስዎ ያ እንዲደርስብዎ አልፈልግም።

1. መጀመሪያ ፍላሹን ይመርምሩ። ብዙዎቹ የቆዩ የመኪና ቴፖች የሚያነቡት በፋት 32 (ፋይሎች በፍላሹ ላይ ከሚደራጁባቸው ሥርዓቶች አንዱ) ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብቻ ሲሆን፣ 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሚይዙት ፍላሾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት በሌላ ሥርዓት፣ በኤክስፋት ነው። ስለዚህ 32 ጊጋባይት ወይም ያነሰ ፍላሽ ይውሰዱ፤ በውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ከገለበጡ በኋላ በፋት 32 ፎርማት ያድርጉት፤ ዘፈኖቹንም ወደ ኤምፒ3 ቀይረው ይጫኑ። ፍላክ የሚባለውን የድምፅ ፋይል ዓይነት የማያነቡ ቴፖች ብዙ ናቸው። በአማርኛ የተጻፉ የዘፈን ስሞች በባዶ ሳጥን ተተክተው ቢታዩዎት ቴፑ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነውና ፎልደሮቹን በቁጥር ይሰይሟቸው።

2. ፉጨቱ የቴፑ ብልሽት አይደለም። ስልኩ ከመኪናው ኃይል እየወሰደ በኦክስ ገመድም ከቴፑ ጋር ሲገናኝ፣ ግራውንዱ (ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር) በሁለት መንገድ ይዞርና የዲናሞው ድምፅ ወደ ሙዚቃው ይገባል። ቻርጀሩን ይንቀሉት፤ ፉጨቱ ወዲያው ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው በኦክሱ ገመድ መካከል የሚገባ፣ በውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ያሉት የግራውንድ ሉፕ ማስወገጃ ነው። ከመኪናው ኃይል እየወሰደ በኦክስ የሚሰካ የብሉቱዝ መቀበያም ያንኑ ፉጨት ሊያመጣ ስለሚችል በእሱ ተስፋ አያድርጉ። የኤፍኤም ማሰራጫውን ግን ሌላ መንገድ ለሌለው ሰው ይተዉለት፤ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ባዶ ቦታ ቢያገኙለት እንኳ የድምፅ ጥራቱ ከገመድ ያነሰ ነው።

3. ይህን ሁሉ ሞክረው አሁንም መለወጥ ከፈለጉ፣ ቴፑ የሚገባበትን የዳሽቦርድ ክፍተት ይለኩ፤ ነጠላው (ሲንግል ዲን) 180 በ50፣ ድርቡ (ደብል ዲን) 180 በ100 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳብዎ በሙሉ ከቴፑ ኋላ ባለው ሶኬት ላይ ይሁን። የእኔን መኪና የተቀበለው ገጣሚ አንዳች ሳይጠይቀኝ የፋብሪካውን ሶኬት በፒንሳ ቆርጦ ጣለውና ቀለምን ከቀለም እያዛመደ በፕላስተር አሰረው። በአዲሶቹ ቴፖች ላይ ቢጫው ሁልጊዜ 12 ቮልት ከባትሪው የሚቀበል፣ ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ ጥቁሩ ግራውንድ ነው፤ በመኪናው በኩል ያሉት ቀለሞች ግን እንደ አምራቹ ይለያያሉ። በዚህ የተነሳ ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር ሰዓቱም፣ የተቀመጡት ጣቢያዎችም፣ ዘፈኑ የደረሰበት ቦታም ይጠፉ ነበር።

ተመልሼ ስነግረው «መኪናህ ስላረጀ ነው» አለኝና በደንበኞች ፊት ፊቱን አዞረብኝ፤ ሽቦውን ገልጦ ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ቴፑን ራሴ አወጣሁት፤ የሽቦዎቹን ጫፎች እንዳይነካኩ ለያይቼ ኔጋቲቩን መልሼ በማሰር እያንዳንዱን በመልቲሜትር ለካሁ፤ ከባትሪው የሚመጣው ከቀዩ፣ በቁልፍ የሚከፈተው ደግሞ ከቢጫው ጋር ታስረው አገኘኋቸው። ኃይሉን ዳግም አቋርጬ አገላብጬ በትክክል ካሰርኋቸው በኋላ ከቴፑ ማስታወሻ የጠፋ ነገር የለም። እርሱ የተከፈለበትን ሥራ ያለ ክፍያ መጨረሴ ዛሬም ያኮራኛል፤ የተቆረጠው ሶኬት ግን አይመለስም፤ የመኪናውን የቀድሞ ቴፕ መልሼ ልግጠም ብል እያንዳንዱን ሽቦ እንደገና መበየድ አለብኝ።

ስለዚህ በመኪናዎ ዓይነትና ሥሪት ዓመት የሚገጥመውን መሸጋገሪያ ሶኬት አስቀድመው ይግዙና ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ጫፉ ከፋብሪካው ሶኬት ጋር፣ ሌላው ከአዲሱ ቴፕ ገመድ ጋር ስለሚገናኝ በመኪናው በኩል ምንም አይቆረጥም። ገጣሚው የስፒከሮቹን ኔጋቲቭ ከግራውንድ ጋር እንዳያገናኝም ይንገሩት፤ የቴፑን ማጉያ ሊያቃጥለው ይችላል። የቀድሞው ቴፕ ኃይል ሲቋረጥበት ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን ከመነቀሉ በፊት ያግኙት። ቁልፉን ከማስረከብዎ በፊት «በምን ታገናኘዋለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ «ቆርጬ» ካለዎት መኪናዎን ይዘው ወደ ሌላ ገጣሚ ይሂዱ።