«ረክተዋል?» ብሎ መጠየቅ ለምን ያሳስታል?

ጥያቄ፦ የወጣቶች ማኅበራችን የወረዳው አስተዳደር ነዋሪውን እንዴት እያገለገለ እንደሆነ ለማወቅ መጠይቅ በትኖ ነበር። «በአስተዳደሩ ረክተዋል?» ለሚለው አብዛኛው ሰው «አዎ» አለ። እነዚሁ ሰዎች ግን ሲያማርሩ ነው የሚውሉት። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስህተቱ ጥያቄው ላይ ነው። «ረክተዋል?» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ይሄን ልጅ ማን ላከው?» ብሎ ነው። የአፍሪካ ሀገሮችን ዜጎች አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር ይህን ስለሚያውቅ፣ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ይላል። እናንተም ጨምሩት። «መንግሥት» ያሉትን ሰዎች መልስ ከሌሎቹ ጋር ስታነጻጽሩ ፍርሃት ውጤቱን ምን ያህል እንዳጣመመው ፍንጭ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ስሜትን ትታችሁ የደረሰባቸውን ጠይቁ። «ባለፉት 12 ወራት መታወቂያ ለማሳደስ ሄደው ነበር? ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ጉዳይዎ አለቀ? ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ተጠየቁ?» የገንዘቧን ጥያቄ ወደ መጨረሻ አድርጓት፤ ቀድማ ከመጣች ሰው ይዘጋል። ቅሬታውን የሚደብቅ ሰው «አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ» ለማለት ያን ያህል አይፈራም። በሕንድ ባንጋሎር እ.ኤ.አ. በ1994 ነዋሪዎች ለመሥሪያ ቤቶች ነጥብ የሰጡበት ጥናት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችንም ያካተተ ነበር። ውጤቱ በጋዜጣ ወጣ፤ በ1999 እና በ2003 ደግሞ እንደገና ተለካ። ካልተደገመ መሻሻሉ በምን ይታወቃል?

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ መታወቂያ ቶሎ የሚሰጥ አስተዳደር ሁሉ ዴሞክራሲያዊ አይደለም። የሀገሮችን ነፃነት በነጥብ የሚለካው ፍሪደም ሃውስ የተባለ ድርጅት ከ100 ነጥብ 40ውን ለፖለቲካ መብት፣ 60ውን ለዜጎች ነፃነት ይሰጣል፤ ቧንቧው ውኃ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። ስለዚህ «ስብሰባ ላይ የተቃወመ ሰው ምን ይገጥመዋል?» የሚል ጥያቄም ያስፈልጋችኋል። የአገልግሎቱንና የነፃነቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጡ እንጂ ደምራችሁ አንድ ቁጥር አታድርጉት፤ ጥሩው መጥፎውን ይሸፍነዋል።

በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች ይበቃሉ፤ የስህተቱ ወሰን፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት፣ 5 ከመቶ ገደማ ነው። ወረዳው 4,000 ቤት ካለው ከ1 እስከ 10 ባለው አንድ ቁጥር በዕጣ አውጡና ከእሱ ጀምራችሁ በየ10ኛው ቤት ግቡ፤ አንዱ ቤት ወንድ፣ ቀጣዩ ቤት ሴት አነጋግሩ። ብዙ ጥናት የሚበላሸው ዝግ በር ላይ ነው፦ ጠያቂው ጎረቤት ይገባና ቀን ቤት የሚውሉት ብቻ ይቆጠራሉ። ማታ ወይም እሑድ ተመለሱ።

ውጤቱን ስታወጡም የተከራዩንና የባለቤቱን፣ የድሃውንና የደህናውን ለየብቻ አሳዩ።