የተዳፋቱን ውሃ አንብቡ፦ ለሰሜን ሸዋ ወጣት ባለሙያዎች

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ለምትሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ ቀያሾችና አስጎብኚዎች ይህን እጽፋለሁ። በልግ ገብቷልና ስለ መሬት መንሸራተት አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ ተዳፋቱን የሚጥለው ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ነው። ዝናቡ አባራ ብላችሁ አትዘናጉ። በደብረ ሲና አካባቢ ብዙ ቤተሰብ ያፈናቀለው ናዳ የደረሰው መስከረም 1998 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር።

ምክንያቱ የድንጋዩ አደራደር ነው። ላይ የተሰነጣጠቀ ባዛልት አለ፤ ውሃ ያሳልፋል። በመሀል በመሀሉ ግን ወደ ሸክላነት የተለወጠ የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል፤ ይህ ውሃ አያሳልፍም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይቆምና ከላይ የተከመረውን አፈርና ድንጋይ ያላላዋል። ምንጮቻችን ተሰልፈው የሚፈልቁትም በዚሁ መስመር ነው። ስለዚህ ምንጮቹን አስቀድማችሁ መዝግቡ። ጥርት ያለው ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ፣ ከነጠፈ ወይም አዲስ ምንጭ ከፈለቀ ውስጡ ተነቃንቋል ማለት ነው።

ተዳፋቱ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ማዶ ቆማችሁ እዩት። ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጉብታውና ጎድጓዳው ይለያል። አናቱ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተገመሰ፣ መሀሉ ረግረግ፣ ግርጌው ያበጠ ከሆነ ከዚህ ቀደም ተንሸራቷል፤ እንዲህ ያለው መሬት ዳግም ለመነሣት ብዙ አይፈልግም።

ስንጥቅ ስታዩ ለዩት። መረሬ አፈር በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው እንደ መረብ በየአቅጣጫው ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ ይገጥማል። አደገኛው ቁልቁለቱን አግድም አቋርጦ የሚሄደው ረጅም ስንጥቅ ነው። እጃችሁን አስገብታችሁ ዳርና ዳሩን ዳብሱ፤ የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ዝቅ ካለ መሬቱ ወርዷል። ከስንጥቁ በላይና በታች፣ 1 ሜትር ያህል አርቃችሁ ችካል ቅበሩ፤ አናታቸው ላይ ሚስማር ምቱና ከሚስማር እስከ ሚስማር ለኩ። በደረቁ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ዝናብ ሲጀምር በየጠዋቱ። ከሁሉ የሚያስፈራው ፍጥነቱ ሲጨምር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 2፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 12 ሚሊሜትር ከተከፈተ ሌላ ልኬት አትጠብቁ፤ ከሥሩ ያሉትን ቤቶች አስለቅቁ። እስከዚያው ስንጥቁን በሸክላ አፈር ሙሉትና ጠቅጥቁት።

አሁን ብዙ ጊዜ ቸል ወደሚባለው ልምጣ። ውሃ የሚያቁር እርከን ለአፈር ጥበቃ መልካም ነው፤ ሊንሸራተት በተዘጋጀ መሬት ላይ ግን ጉዳት ነው። 10 ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 100,000 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ሁሉ በደልዳላ ቦይ አቁራችሁ ስታሰርጉት የምታጠጡት ያንን የሸክላ ንጣፍ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ከስንጥቁ በላይ ጥቂት ዘንበል ያለ የጎርፍ መቀልበሻ ቆፍራችሁ ውሃውን ወደማይሸረሸር ጽኑ የውሃ መውረጃ አውጡት። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻው ዕቅድ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ቢጠይቃችሁም ይህን ለማስረዳት አትፈሩ። የሚያፈስ የመስኖ ቦይም እንደዚሁ ነው። ለቤት ወይም ለመንገድ ሲባል የተዳፋቱን ግርጌ መቁረጥ ደግሞ ድጋፉን መንቀል ነው።

ዛፍም ይናገራል፤ ግንዳቸው ከሥሩ የጎበጠ ጥዶች ዘገምተኛ መንሸራተትን፣ ቀጥ ብለው አድገው ወዲያና ወዲህ ያጋደሉ ባሕር ዛፎች ደግሞ የቅርብ ጊዜውን ያሳያሉ። ግንድ በሌላ ምክንያትም ይጎብጣልና በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ናዳ ከወረደ ወደ ጎን ሽሹ፤ ቁልቁል አትሩጡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ሰው ለማዳን የሮጡ ብዙዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። ስለዚህ ቆፋሪ ከመግባቱ በፊት አናቱን የሚጠብቅ፣ ፊሽካ የያዘ ሰው በጎን ይቁም፤ መውጫ መንገዱም አስቀድሞ ይታወቅ። ዝናብ እየዘነበ ወንዙ ድንገት ከጎደለ ናዳው ከላይ ገድቦት ሊሆን ይችላል፤ በታች ላሉት ወዲያው ደውሉና ከወንዙ ዳር አስወጧቸው።