ኮምጣጤው ያሳየው ነጭ ምልክት

ጥያቄ፦ መምህር፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር የ36 ዓመት እናት ነኝ። በጤና ጣቢያ የማኅጸን በር ምርመራ ሳደርግ ኮምጣጤ ሲቀባ ነጭ ምልክት ታየ። ሂዩማን ፓፒሎማ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ቅድመ ካንሰር ነው፣ ለሕክምና ተመለሺ አሉኝ። ከባለቤቴ ሌላ ወንድ አላውቅም፤ እርሱ ግን በግንኙነት እንደሚተላለፍ ከሰማ ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮብኛል። ሕክምናውን ትቼ ሱባዔ ልግባ? የ14 ዓመት ልጄንስ ላስከትባት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከባለቤትሽ ፊት ልጀምር፤ ሕመሙ እዚያ ብሷልና። ይህ ቫይረስ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ማን ከማን፣ መቼ እንደያዘው የሚናገር ምርመራ የለም። ከጋብቻ በፊት ከነበረ ሕይወት የመጣም ሊሆን ይችላል፤ የማን ሕይወት እንደሆነ መቆፈር ግን የእኔም የእርሱም ሥራ አይደለም። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜም ሰውነት ራሱ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። አልጠፋ ያለው፣ በተለይ 16ኛውና 18ኛው ዓይነት፣ ቀስ ብሎ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ጌታ ምን እንደመለሰ ባለቤትሽ ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን ያንብብ።

ሱባዔውን ግቢ፣ ጠበሉንም ጠጪ፤ ቀጠሮሽን ግን አታሳልፊ። ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ «15 ዓመት ተጨመረልህ» የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ካመጣለት በኋላ እንኳ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዝዟል። ተስፋው ከመጣ በኋላ! ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ለወራት ሲመላለሱ ቆይተው፣ ደም ሲበዛባቸው ብቻ ሐኪም ቤት የሄዱ እናቶች ቀብር ላይ አስተምሬአለሁ። ያንቺ ገና ካንሰር አይደለም። ምልክቱን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ያጠፉታል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃ መሰል ፈሳሽ ለሳምንታት ሊኖር ይችላልና ስለ ቁርባን ከንስሓ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ለአንድ ወር ያህልም ከግንኙነት ተቆጠቡ ይሏችኋል፤ በአጽዋማት ለምትታቀቡ ባልና ሚስት ይህ አዲስ ሸክም አይደለም።

ልጅሽን አስከትቢያት። ክትባቱ በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው በእርሷ ዕድሜ ባሉ ልጃገረዶች ነው። መካን አያደርግም፤ በደንብ የሚሠራውም ቫይረሱ ሳያገኛት አስቀድሞ ሲሰጥ ነው። «ለኃጢአት ፈቃድ መስጠት ነው» የሚሉሽ ጎረቤቶች ካሉ፣ ያንቺን ነገር አስቢ፦ በንጽሕና አድገሽ፣ በንጽሕና አግብተሽ ያዘሽ።

ባለቤትሽ ፈቃዱ ከሆነ ቅዳሜ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ሁለታችሁም ኑ። የቀጠሮ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ ቀኑን አብረን እናየዋለን።