በፖለቲካ ቢራራቁም በመጽሐፍና በሙዚየም ይገናኛሉ

ሰላም ወንድሜ። የስላቭ ቋንቋ (እንደ ሩሲያኛ፣ ፖላንድኛና ሰርብኛ ያሉ ተዛማጅ ቋንቋዎች) ተናጋሪ አገሮች በፖለቲካ እንዲህ ተራርቀው፣ በባህል አብረው የሚሠሩት ነገር አለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አለ፣ ያውም ብዙ።

እኔ መጀመሪያ የምጠቅስልህ የስላቭ ባህሎች ፎረምን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሉብሊያና ተቋቋመ። ክሮኤሺያ፣ ሰርቢያ፣ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ ቡልጋሪያና ሌሎችም አሉበት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ1990ዎቹ ደም የተፋሰሱ ናቸው። ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ መጽሐፍ መነጋገራቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ከሥራዎቹ ሁሉ ልቤን የሚነካው «መቶ የስላቭ ልቦለዶች» የሚባለው ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ወዲህ የወጡ ልቦለዶች ተመርጠው ከአንዱ የስላቭ ቋንቋ ወደ ሌላው ይተረጎማሉ። የስሎቬኒያ ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነት አገር ደራሲ በጎረቤት ቋንቋ መነበብ ትልቅ በር ነው። ቋንቋቸው ቢቀራረብም አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ተርጓሚ የግድ ያስፈልጋል። ፊደላቸውም ይለያያል፤ አንዱ በላቲን፣ ሌላው በሲሪሊክ (ሩሲያኛ በሚጻፍበት ዓይነት) ፊደል ይጽፋል። ፎረሙ ለሙዚየሞችም ከ2014 ጀምሮ «ዢቫ» የተባለ ሽልማት ይሰጣል።

ከዚህ ውጪ በስሎቫኪያ ዋና ከተማ በብራቲስላቫ ያለው የቪሼግራድ ፈንድ (የፖላንድ፣ የቼክ፣ የስሎቫኪያና የሃንጋሪ የጋራ የገንዘብ ድጋፍ ድርጅት) ከ2000 ጀምሮ የጋራ የባህል ሥራዎችን ይደግፋል። ቋንቋዋ ስላቭ ያልሆነችው ሃንጋሪ አባል ስለሆነች ግን የስላቮች ብቻ አይደለም። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ምሁራኑ ደግሞ የራሳቸው ጉባኤ አላቸው፤ የመጀመሪያው በ1929 ፕራግ ላይ ተካሂዷል። ጥናት ላይ ካተኮርክ ከእሱ ጀምር። ንባብ ከወደድክ ግን ከልቦለዶቹ።