ጥያቄና መልስ፦ ጥናቱ የት ገባ?

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቄ የአንድ ጥናት ርዕስና የጸሐፊ ስም ሰጠኝ፤ ጽሑፉን ግን ላገኘው አልቻልኩም። የቤተ መጻሕፍቱ የሪፈረንስ ባለሙያ ሊረዱኝ ይችላሉ?

መልስ፦ አዎ፣ ዋና ሥራቸው ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ያልተጻፈ ጥናት እውነተኛ አስመስለው ስለሚሰጡ፣ ባለሙያው መጀመሪያ መኖሩን ያጣራሉ፤ የተጠቀሰውን የመጽሔት ቅጽና ገጽ ከፍተው ያያሉ፣ ዲ.ኦ.አይ. (ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ) ካለውም ወደ የትኛው ጽሑፍ እንደሚያደርስ ይፈትሻሉ።

ጥናቱ ኖሮም ሊሰወር ይችላል። የውጭ ዳታቤዞች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩ፣ አበበ ከበደ የተባለ ጸሐፊ «ከበደ» ሥር ሊገባ ይችላል፤ በሁለቱም ይፈልጉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም ብዙ መልክ አለው። በአማርኛም «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ለብዙ ካታሎጎች የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እያለ በዚህ ምክንያት «የለም» ሊባል ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የታተመ ሥራም በፈረንጅ አቆጣጠር 2019 ወይም 2020 ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ሲሄዱ ርዕሱን ከየት እንዳገኙና በምን ቃል እንደፈለጉ ጽፈው ይያዙ። ጽሑፉ በክፍያ የሚከፈት ከሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ከፍሎበት ሊሆን ይችላል።