ድመቷ ለምን አልጋ ሥር ትገባለች?

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሚኒስትሪ ደርሶባታል። እሷ ግን ማታ ማታ የድመት ታሪክ ትጽፋለች። ደብተሩን ከፍራሽ ሥር አግኝቼ አነበብኩት። ድመታችን ውሮ እዚያ ውስጥ ታወራለች፣ ታኮርፋለች። አሳዳጊዋ ስልክ እያወራች በር ስትከፍት አልጋ ሥር ትገባለች። ድመት እኮ ለሰው ግድ የላትም! ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ልጄ በቅጡ አታናግረኝም። ድመቷን ለዘመድ ልስጣት? ያመጣላት አባቷ ነው፤ ዱባይ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤዎን አሳጥሬዋለሁ። ሙሉው ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ስለ ውጤትና ስለ ፈተና ነው። ስለ ባለቤትዎ መሄድ ግን ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ናት። ልጅዎ እሱ ሲሄድ ምን እንደሆነች አልነገሩኝም። እርስዎም ምን እንደሆኑ አልነገሩኝም።

ልጅዎ ግን ጽፋዋለች ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። «የድመቷ ባለቤት» አላለችም፤ «አሳዳጊዋ» ነው ያለችው። ይህ ቃል በቋንቋችን ለድመትም ለልጅም ይሆናል። አሳዳጊዋ ደግሞ ሴት ናት። ድመቷን ያመጣው አባት ሆኖ ሳለ፣ በታሪኩ ውስጥ በር የምትከፍተው ሴት ናት፤ ስልኩም ጆሮዋ ላይ ነው።

ድመት ለሰው ግድ የላትም የሚለው ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተሹ። ድመቷ ከአሳዳጊዋ ጋር ወደማታውቀው ክፍል ትገባለች። አሳዳጊዋ ለሁለት ደቂቃ ጥሏት ይወጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። የሚታየው ሲመለስ የምታደርገው ነው። ጠባያቸው ከተለየላቸው የድመት ግልገሎች ከመቶ 64 ያህሉ አሳዳጊያቸውን ተቀብለው፣ ተረጋግተው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ወይ ተጣበቁበት፣ ወይ ሸሹት። የሙከራው ሐሳብ የተወሰደው ሕፃናትና እናቶች ላይ ከተሠራ የቆየ ጥናት ነው። ሁለቱም ጋ ጥያቄው አንድ ነው፦ የምወደው ሰው ሲመለስ ምን አደርጋለሁ?

የልጅዎ ውሮ አልጋ ሥር ትገባለች።

ልጅዎ ትጠላዎታለች ማለቴ አይደለም። ልቦለድ የፍርድ ቤት ቃል አይደለም፤ ልጆች ይጨምሩበታል፣ ይቀንሱበታል። ግን በዚህ ዕድሜ «እማዬ፣ ቤት ስትገቢ እዪኝ» ማለት በጣም ይከብዳል። በተለይ እናት ብቻዋን ቤቱን ተሸክማ ስትደክም እያየች ላለች ልጅ። ድመት ግን ብታኮርፍ ማንም አይቆጣትም። ስለዚህ ኩርፊያዋን ለድመቷ ሰጠቻት። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ራሷን የምታስታምምበት መንገድ ነው። እርስዎ ደግሞ ሳያውቁት እሱኑ ቆለፉበት።

እዚህ ላይ ከልጅዎ ጎን እቆማለሁ። ደብተሩ የተደበቀ ነበር። ስለ ፈተናው መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ ድመቷ ከቤት ብትወጣ ግን ልጅዎ የምታጠና አይመስለኝም። አባቷ ከሄደ ወዲህ ከእጁ የቀረላት ድመቷ ናት።

ደብተሩን ይመልሱላት። «ሳላስፈቅድሽ ማንበቤ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ» ይበሏት፤ ሌላ ነገር አይጨምሩበት። «አሳዳጊዋ እኔ ነኝ ወይ?» ብለው እንዳይጠይቋት። ማታ ስልኩን ከበር ውጭ ይጨርሱት። የጥናቱን ሰዓት ከእሷ ጋር ተነጋግራችሁ ብትወስኑት ሊሻል ይችላል። አባቷ ሲደውል ደግሞ ለብቻቸው ያውሩ። እንቅልፍና ምግብ ከቀነሰች ወይም ከጓደኞቿ ከራቀች ግን በአካል ባለሙያ ጋ ይዘዋት ይሂዱ። በደብዳቤ ያየሁት ትንሽ ነው፤ ልሳሳትም እችላለሁ። እርስዎም ቢሆኑ ስለ እነዚያ ሁለት ዓመታት የሚያወሩት ሰው ቢያገኙ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ታሪክ «ቁልፉ ጮኸ፤ ውሮም…» ብሎ እንደቀረ ጽፈውልኛል። እንዴት እንደሚያልቅ አይጠይቋት። ትጨርሰው፤ ይጠብቋት።