«ጎል ብታገቡብን ይሻለን ነበር»

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ዘንድ የሚመጣው በአብዛኛው የትዳርና የውርስ ጣጣ ስለሆነ የእኔ ጥያቄ ቀላል ሊመስልዎ ይችላል። እኔ ግን ይኸው ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያሉበት ፕሮጀክት አሰለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም። ቀን ጋራዥ እውላለሁ፣ ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ሜዳ እወርዳለሁ። ሦስት ዓመት አብረው ስለቆዩ ጎበዞች ሆነውልኛል። አሁን በክረምቱ የሰፈር ውድድር ላይ ነን። ከምድባችን የሚያልፈው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ነጥብ እኩል ከመጣ በጎል ክፍያ ይለያል።

ባለፈው ቅዳሜ የገጠመን ቡድን ከተሰባሰበ ሁለት ወር አልሞላውም። ማልያቸው ሦስት ዓይነት ቀለም ነው። በረኛቸው ያጠለቀው ጓንት የትልቅ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ይወዛወዛሉ። ሜዳችን የጎል ቋሚ እንጂ መረብ የለውም። ስለዚህ ጎል በገባ ቁጥር ያ ልጅ ከጀርባው ያለው ቦይ ድረስ ሮጦ ኳሷን ከጭቃ ውስጥ ያወጣል። ጓንቱ እንዳይወልቅበት አንዱን እጁን በሌላው ጨብጦ ነው የሚሮጠው። ዕረፍት ስንወጣ 9 ለ 0 ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ቦይ ወርዷል ማለት ነው።

አንጀቴን በላው። ልጆቼን ሰብስቤ «ከአሁን በኋላ ጎል የሚባል ነገር እንዳላይ፣ ኳስ ያዙና ተቀባበሉ» አልኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጋሼ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። አንዱ አብዶ ይሠራል፣ ሌላው በተረከዙ ያቀብላል፣ ባዶ ጎል ፊት ይደርሱና እየሳቁ ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ዳር የቆመው ቲፎዞ «ኦሌ! ኦሌ!» ማለት ጀመረ። የዚያኛው ቡድን ልጆች መሮጡን ትተው ቆሙ። አንዱማ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሌላም አለ። ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ሆኖ የከረመ ልጅ አለኝ። ዛሬ ካልገባ መቼ ሊገባ ነው ብዬ አስገባሁት። ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ። ዞር ብሎ አየኝና ኳሷን ወደ ኋላ መለሳት። ማታ እናቱ ደውላ «ልጄ ራቱን አልበላም፣ ምን ብለኸው ነው?» አለችኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ የተጋጣሚዬን አሰልጣኝ ልጨብጠው ሄድኩ። በዕድሜ ይበልጠኛል። እጁን አልሰጠኝም። «ጎል ብታገቡብን ይሻለን ነበር» ብሎኝ ልጆቹን ሰብስቦ ሄደ።

እናቴ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል አልሰማህም? ዘጠኙስ ለምን ገባ?» ትለኛለች። የጋራዥ ጓደኞቼ ደግሞ «ሃያ ማግባት ነበረብህ፣ በጎል ክፍያ ስትቀር እናይሃለን» ይሉኛል። የፊታችን ቅዳሜ የምንገጥመው ቡድንም ከዚያኛው ብዙ አይሻልም። እንዲያገቡ ልተዋቸው ወይስ ልከልክላቸው?

አክባሪዎ፣ እንቅልፍ ያጣው አሰልጣኝ


ወንድሜ አሰልጣኝ፤

ሰውዬው እጁን መንፈጉ ልክ አይደለም። የተናገረው ግን ልክ ነው።

እኔም በልጅነቴ በረኛ ነበርኩ። ሰፈር ውስጥ በረኛ የሚደረገው የትኛው ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ዝርዝሩን ተወው። አንድ ቀን 11 ገብቶብኛል። አሥራ አንደኛው እንዴት እንደገባ ብትጠይቀኝ አላስታውስም። የማስታውሰው 8 ለ 0 እየተመራን አንዱ አልፎኝ ሄዶ ኳሷን መስመሩ ላይ አቆመና፣ ተንበርክኮ በግንባሩ ገፋ አድርጎ ያስገባትን ነው። ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ የዚያን ልጅ ስም ከነአባቱ አውቀዋለሁ። ሌሎቹን አሥር ጎሎች ማን እንዳገባቸው ግን አሁን ብትገርፈኝ አላውቅም።

አንተ ዕረፍት ላይ ያደረግከውም ሳታስበው ልጆችህን በሙሉ ያንን ልጅ ማድረግ ነው። ጎል ለማግባት የሚሮጥ ልጅ ፊቱ ያለውን ተከላካይ ሊነጥቀኝ ይችላል ብሎ ያየዋል። እንዳያገባ የታዘዘ ልጅ ግን ተከላካዩን ከመጤፍ አይቆጥረውም፣ መጫወቻ ያደርገዋል። መሬት ላይ ቁጭ ያለው ልጅ የተቀመጠው ውጤቱ ከብዶት አይመስለኝም። 9 ለ 0 እየተመራ ሲሮጥ ነበር እኮ። የተቀመጠው ጨዋታው ውስጥ እንደሌለ ሲገባው ነው።

ትልልቆቹ ይህን ያውቁታል። በ2014 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ቤሎ ሆሪዞንቴ ላይ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ስትረታ ገና በ29ኛው ደቂቃ 5 ለ 0 ነበር። ሻይ ሊያስጥድ የተነሳ ሰው ተመልሶ ሲቀመጥ ነገሩ አልቋል። ተከላካያቸው ማትስ ሁመልስ በኋላ እንደተናገረው፣ ዕረፍት ላይ የተነጋገሩት ቁም ነገራቸውን ይዘው ሊቀጥሉና ብራዚሎችን ላያዋርዱ ነው። ልብ በል፣ ላያገቡ አይደለም። ተቀይሮ የገባው ሹርለ ሁለት ጨምሯል። አብዶ ግን አላየንም፣ ሳቅም አላየንም። ያን ምሽት ጀርመንን በክፉ ያነሳ ብራዚላዊ ብዙ አልነበረም፤ ቁጣው ሁሉ ወደ ራሳቸው ልጆች ነው የዞረው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ በሴቶች ዓለም ዋንጫ አሜሪካ ታይላንድን 13 ለ 0 ስታሸንፍ የሆነው ሌላ ነው። አሥሩ የገቡት ከዕረፍት መልስ ነው፣ አሌክስ ሞርጋን ብቻዋን አምስት አግብታለች። ብዙ ሰው የተናደደው በዘጠነኛውና በአሥረኛው ጎል እንደ ፍጻሜ ጨዋታ ሲጨፍሩ ሲያይ ነው። እኔ ጎሉን አልነቅፍም፤ የምድብ ጨዋታ ነው፣ ጎል ክፍያ ይቆጠራል። ጭፈራው ግን ሆድ አስብሶኛል። የታይላንዶቹ ነገር የገባኝ ደግሞ በቀጣዩ ጨዋታ ነው። በስዊድን 5 ለ 1 ተሸነፉ፤ ያቺን አንዷን ጎል በጭማሪ ሰዓት ሲያገቡ የቡድን መሪያቸው ዳር ቆማ በደስታ ታለቅስ ነበር። እንዲታዘንላቸው ሳይሆን ከልባቸው ተጫውተው የራሳቸውን ጎል እንዲያገኙ ነበር የመጡት።

እኛም ቀምሰነዋል። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ 1992፣ ብሔራዊ ቡድናችን ዮርዳኖስ ውስጥ ኢርቢድ ላይ በኢራቅ 13 ለ 0 ተሸንፏል። በ2013 ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን፣ ቡርኪና ፋሶ በረኛዋ በቀይ ወጥቶባት በ10 ሰው እየተጫወተች ሦስት ጎል ጨምራ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ያን ቀን አንጀታችን ቢያርርም «ለምን አላዘኑልንም» ያለ ሰው አልሰማሁም። አዝነውልን ማግባቱን ትተው ቢሆን ኖሮ ግን ይበልጥ ያንገበግበን ነበር።

እዚህ ድረስ ያወራሁልህ ግን ስለ አዋቂ ነው። የአንተ ልጆች 12 ዓመታቸው ነው፣ ያኛው በረኛ ደግሞ የሰው ጓንት አድርጓል። እናትህ ያሉትን ምሳሌ የምሰማው እዚህ ላይ ነው።

በሚያዝያ 2001 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አውስትራሊያ አሜሪካን ሳሞአ የምትባለውን ትንሽ የፓስፊክ ደሴት 31 ለ 0 አሸነፈች፤ አርቺ ቶምፕሰን 13 አገባ። ሳሞአዎቹ በፓስፖርት ጣጣ ዋና ተጫዋቾቻቸውን አጥተው አብዛኛውን በልጆች ነበር የተሰለፉት። ከዚያ ወዲህ ለጥፋቱ ቶምፕሰንን የጠየቀ የለም። የተጠየቀው እነዚህን ሁለት ቡድኖች አንድ ምድብ ውስጥ የከተተው አደረጃጀት ነው፤ ትንንሾቹ አገሮች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። የዚያ ቀን በረኛ ኒኪ ሳላፑ ይባላል። በ2011 አሜሪካን ሳሞአ ቶንጋን 2 ለ 1 ረትታ ፊፋ በሚያውቀው ጨዋታ የመጀመሪያ ድሏን ስታገኝ ጎሉ ላይ የቆመው እሱ ነበር። አሥር ዓመት ጠብቋል። (በረኞች ክፉ ትዝታ አለን፣ ግን ደግሞ እንቆያለን።)

ጣሊያን ውስጥ ቱስካኒ በ2019 አንድ የወጣቶች ቡድን 27 ለ 0 አሸንፎ ክለቡ አሰልጣኙን አባረረ። ብዙዎች አጨበጨቡ፤ እኔ ነገሩን አቋራጭ አድርጌ ነው ያየሁት። ሰው ማባረር ይቀላል፣ ደንብ መቀየር ይከብዳል። የሚሻለኝ የኖርዌዮቹ ነው፤ በልጆች እግር ኳሳቸው አንዱ ቡድን በአራት ጎል ከተመራ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ማስገባት ይችላል። ማንም ለማንም አያዝንም፣ ጨዋታው ግን ጨዋታ ሆኖ ይቀጥላል።

የጋራዥ ጓደኞችህን አትናቃቸው፣ ጎል ክፍያ ያስቀራል። በ1978ቱ ዓለም ዋንጫ ብራዚል አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ ከፍጻሜው የቀረችው አርጀንቲና ፔሩ ላይ አራት ጎል ሲያስፈልጋት ስድስት ስላገባች ነው። (ጨዋታው እስከ ዛሬ ይታማል፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።) ስለዚህ ልጆችህን «አታግቡ» ካልክ ደንቡ የሚሰጣቸውን እየቀማሃቸው ነው። ልትነካው የሚገባህ ደንቡን ነው። የሰፈር ውድድር ደንብ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አዘጋጆቹ ዘንድ ሂድና ከአምስት ጎል በላይ የሆነ ልዩነት በጎል ክፍያ እንዳይቆጠር ጠይቅ። ውድድሩ ስለተጀመረ ሁሉም ቡድን መስማማት አለበት፣ የምድቡ ጎበዞች እናንተ ስለሆናችሁ ግን ጥያቄው ከአንተ አፍ ሲወጣ ይሰማል። እምቢ ካሉህ ለከርሞ ይያዝልህ።

ለቅዳሜ የምልህ ይህ ነው። አራት አምስት ጎል ስትቀድሙ አጥቂህን በረኛ አድርገው፣ በረኛህን ወደ ፊት ላከው፣ ተቀያሪዎችህን በሙሉ አስገባ። የቀሩትን በግራ እግራቸው ብቻ እንዲመቱ እዘዛቸው፤ ግን ጠርተህ በጆሯቸው ንገራቸው እንጂ ከዳር ሆነህ አትጩህ፣ ተጋጣሚ ከሰማው ስድብ ነው። «አሥራ አንዳችሁም ሳትነኩ እንዳታገቡ» የሚባለውን አደራ እንዳትጠቀምበት፤ ያው ኦሌ ነው። ጎል ሲገባ ጭፈራ የለም። ያገባው ልጅ ራሱ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ኳሷን ያምጣ። ይህቺን ነገር በተለይ ያዝልኝ። ሦስት ጊዜ ጭቃ የወረደ አጥቂ አራተኛውን ከማግባቱ በፊት ትንሽ ያስባል፣ ካገባም በቅጡ ያገባል። ተጨማሪ ተጫዋች እንዲያስገቡ መፍቀድም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አስቀድመህ ሜዳ ዳር አሰልጣኛቸውን ለብቻ ጠይቀው። እምቢ ካለ በቃ።

ያ እጁን የነፈገህ ሰው ዘንድ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሂድ። ሽማግሌ አያስፈልገውም፣ ራስህ ሂድ። ማልያ ወይም ጓንት ይዘህ እንዳትሄድ፣ ምጽዋት ይመስልበታል። «ተሳስቻለሁ» በለውና አንድ ቀን ልጆቹን ቀላቅላችሁ እንድታጫውቷቸው ጠይቀው፤ ግማሹ ከአንተ፣ ግማሹ ከእሱ። የበረኛውን ስም ጠይቀህ ያዝ። ያን ያህል ጊዜ ቦይ ወርዶ እስከ መጨረሻው ከጎሉ ያልጠፋ ልጅ በረኛ ነው፤ እኔ ሦስተኛው ላይ ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጥቼ አውቃለሁ።

ከሁሉ ያስቆጨኝ ተቀያሪው ነው። ዓመት የጠበቀው ኳስ እግሩ ሥር ገብቶ አንተን ለማየት ዞረ። ለእናቱ አትደውል፤ ልጁን ፊት ለፊት አግኘውና ጥፋቱ የአንተ እንደሆነ ንገረው። ቅዳሜ ከመጀመሪያው ደቂቃ አሰልፈው። ካገባ፣ ውጤቱ ስንትም ይሁን ስንት፣ የጭፈራው ክልከላ እሱን አይመለከተውም።